ስምንት ወንድ እያለ

አድማሱ ወንድሙን ይወድ ነበር። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ አለዚያ የኋላውን የሰማ ሁሉ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። የእስቴ ሰው እንደሆነ ለጥርጣሬ አይሰንፍም። አባታቸው በሞቱ ዓመት አድማሱና ታላቁ ቢሻው ከወንዝ ዳር ባለች አንዲት ቁራሽ ርስት ተጣልተው፣ ዳኛ ፊት ቆመው፣ አንድ ክረምት ሙሉ ጤና ይስጥልኝ ሳይባባሉ ከርመዋል። በኋላ ሽማግሌ ገባና ታረቁ። እርቁም የልብ ነበር። ቢሻው «ውሰዳት» ቢል አድማሱ «የለም፣ አብረን እንረሳት» አለ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት አብረው አረሷት። ሰው ግን መች ይረሳል! «ወንድሙን በርስት የከሰሰ» የምትለው ስም አድማሱ ላይ ቀረች። እሱ ደግሞ ይሉኝታ የሚያንቀው ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ ስለ እሱ የሚያወሩ ይመስለዋል።

የታኅሣሥ ግርግር ካለፈ በሁለተኛው ዓመት ቢሻው እህል አልወርድለት አለ። የጎረሰው ይመለሳል፤ ያ እርፍ ሲጨብጥ በሬዎቹ የሚፈሩት ሰውዬ ቀበቶው ሁለት ጊዜ የሚዞረው ሆነ። ጸበል ተጠመቀ፣ ሥር ተምሶ ተወቅጦ ጠጣ፣ የሚያውቅም የማያውቅም መድኃኒት አዘዘለት። በመጨረሻ አድማሱ «በቃ!» ብሎ በቅሎ ተዋሰና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ይዞት ወጣ። የቢሻው ሚስት አመለወርቅ እስከ ጅረቱ ሸኘቻቸው። አድማሱን ብቻውን ወደ ዳር ጠራችውና፣ «ለማንም አልሰጠሁትም፣ ላንተ ነው የሰጠሁት» አለችው።

ፈረንጁ ሐኪም የቢሻውን ሆድ ሲዳስስ ቆየ። ያስተረጎመው ካሴ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነው። «የጨጓራ ነቀርሳ ነው። ካልወጣ ፋሲካን አያይም። ከወጣ ግን ገና አልተሰራጨምና ሊድን ይችላል» አለ። ቢሻው ነገሩን ሰምቶ ትንሽ አሰበና፣ «ቅደዱኝ፤ ሞትማ የትም አይቀር» አላቸው። ቀደዱት። ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ቀን ፈጀ። አድማሱ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሶ እንደገና ሲጀምር፣ ካሴ ብቅ ብሎ «ወጥቶለታል፣ እግዜር ይመስገን» አለው። አድማሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ ግን ከዚሁ ከካሴ ጋር ሊደባደብ ነበር። ጠዋት ሲገባ ቢሻው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ካሴ ብብቱን ይዞ «ተነሣ፣ አይዞህ፣ አንድ እርምጃ» ይለዋል።

«አንተ ሰውዬ!» አለ አድማሱ ዱላውን ጨብጦ፣ «ሆዱ ትናንት የተሰፋ ሰው ነው እኮ! ልትገድለው ነው?»

«እንዳይሞትብህ ነው» አለ ካሴ ሳይቆጣ። «እኔም የአርብ ገበያ ልጅ ነኝ፤ የእኛን አገር ነገር አውቀዋለሁ። በእኛ አገር የታመመ ይተኛል፣ ይሸፈናል፣ አትነቃነቅ ይባላል። ስማኝ አድማሱ። ሰው ሲተኛ የእግሩ ደም ይቆማል። የቆመ ደም ይረጋል። ነቀርሳ የያዘው ሰው ደሙ ከሌላው ሰው ይልቅ ለመርጋት ይቸኩላል፤ ሆዱ ተቀዶ ከተኛማ አይጣል ነው። ባቱ ውስጥ የረጋችው ጓል ተነቅላ ሽቅብ ወደ ሳንባው የሄደች እንደሆነ እኔም አላድነው፣ ሐኪሙም አያድነው። አምና አንዱ ቁስሉ ድኖ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ከዚህ በር ላይ ወድቆ ቀረ።»

አድማሱ ወሬ ቢያስደነግጠውም ለምክር ጆሮው ክፍት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙን ማሳረፍ የለ። ጧት በረንዳውን ወዲያና ወዲህ፣ ከሰዓት ወዲያና ወዲህ፣ ማታ ደግሞ «አንዴ ብቻ» ብሎ ሁለት ጊዜ። ውሃውን ሲያጠጣው፣ እግሩን እጠፍ ዘርጋ ሲለው ይውላል።

«በሬ አደረግኸኝ እኮ» ይላል ቢሻው ስፌቱን በእጁ ደግፎ እየሣቀ። «ጅራፍ ብቻ ነው የቀረህ።»

«ሂድ አንተ ወይፈን! ትልሙን አታጣም!» ይላል አድማሱ። በበረንዳው ያሉ በሽተኞች ሁሉ በእነሱ ይሥቁ ነበር። ቢሻው ሾርባ ጠጣ፣ ገንፎ ቀመሰ፣ ፊቱ ደም መሰለ። አድማሱ በዕድሜው እንደዚያ ሰሞን ተደስቶ አያውቅም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማሩ መጣ። ማሩ የአመለወርቅ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጠንካራ፣ ለጋስ፣ ለወገኑ ሟች፣ ግን ከራሱ በቀር የማይሰማ። ሰባት ጎልማሳ አስከትሎ፣ በጠፍር የተጠለፈ አዲስ ቃሬዛ አሸክሞ፣ ውድማ ላይ ያለ እህሉን ጥሎ ሁለት ቀን በእግሩ ገሥግሦ ነው የመጣው። ማንም አልጠራውም። ሐኪሙ «አንድ ሳምንት ይቆይ» ቢል፣ ማሩ «ስምንት ሰው መከሩን በትኖ መጥቶ ባዶ ቃሬዛ ይዞ ይመለስ? እህቴስ ምን ትለናለች!» አለ። ቢሻውም አገሩ ናፍቆታል። ሐኪሙ እጁን አወናጨፈና ፈቀደ።

ካሴ አድማሱን ከበሩ ላይ ያዘው። «በል እንግዲህ፣ ሌላውን ተወው፣ አንተ ስማኝ። ቃሬዛውን ለዳገቱ ብቻ አድርጉት። ሜዳ በሜዳ እያወረዳችሁ ቀስ ብሎ ይራመድ። ውሃ ይጠጣ። እግሩ እንዳይታሰር። ባቱ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ካመመው፣ የትም ብትደርሱ ተመለሱ፤ እንዳታሹት ደግሞ! የምነግረው ላንተ ነው።»

«በወንድሜ ይሁንብኝ» አለ አድማሱ።

ከተማውን እንደወጡ ማሩ ቢሻውን በሁለት ጋቢ ጠቅልሎ፣ ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ብሎ ከጉልበቱና ከቁርጭምጭሚቱ በጠፍር አሰረው። አድማሱ «አያ ማሩ፣ እግሩ አይታሰር ብለዋል» አለ።

«ማን?»

«ድሬሰሩ።»

«ድሬሰሩ የጨጎደን ቁልቁለት ወርዶት ያውቃል?» አለ ማሩ። ሰዎቹ ሣቁ። አድማሱም አብሮ ሣቀ፤ ምን ያድርግ! ቃሬዛው ተነሣ። አራት ተሸካሚ፣ አራት ተለዋጭ፣ ጉዞው ሩጫ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ዕቃውን አውርዶ «እግዜር ይማረው» እያለ ትከሻውን ይሰጣል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ? ያን ቀን የእስቴ መንገድ ሰው በሰው ነበር።

እረፋድ ላይ ሜዳ ደረሱና ለማረፍ ቁጭ ሲሉ አድማሱ ድፍረቱን ሰብስቦ ጠፍሩን ፈታ። «ትንሽ ይራመድ፤ ሐኪም ያዘዘው ነው» አለ። ማሩ ፊቱን አዞረ። ቢሻው በአድማሱ ትከሻ ተደግፎ ዐሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ ሄደ፤ ደህና ይሄድ ነበር። በዚህ መሀል ገበያተኞች ከወዲያ ማዶ ብቅ አሉ። የፊተኛዋ ሴትዮ ስታይ ቅርጫቷን ጣለችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ስምንት ወንድ እያለ ሕመምተኛ በእግሩ! ምነው፣ ክርስቲያን አይደላችሁም?»

ከኋላዋ ያለ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየና፣ ጮክ ብሎ ማንም እንዲሰማ፣ «ይኼ ያ ወንድሙን በርስት ከሶ የነበረው አይደለም እንዴ? ታዲያ ምን ይገርማል፤ ዳኛ ያልፈጸመለትን ሊፈጽም ነዋ!» አለ።

አድማሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፉን ከፈተ፤ የደሙን ነገር፣ የጓሏን ነገር ሊያስረዳ። ግን ለገበያተኛ እንዲያ ያለውን እንዴት ይነግሩታል? ማሩ ቀልጠፍ ብሎ መጣ፤ ቢሻውን እቅፍ አድርጎ አነሣና ቃሬዛው ላይ አስተኛው።

«አዋረድኸን» አለው አድማሱን በጆሮው። «የእኔ እህት ባል በእግሩ መጣ ሲባል ልስማ?»

አድማሱ ቢሻውን አየው፤ አንድ ቃል ቢናገርለት ብሎ። ቢሻው ደግሞ የባሰ ባለ ይሉኝታ ነው። «ተው አድማሱ፣ ሰዎቹን አታስቀይማቸው። እኔ ደህና ነኝ» አለው። ጠፍሩ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ቢሻው ውሃም እምቢ አለ፤ ከጠጣ ሽንቱ ይመጣል፣ ሽንቱ ከመጣ አውርዱኝ ማለት ነው፣ የደከሙ ሰዎችን አውርዱኝ ማለት ነውር ነው። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ሁለት ጉንጭ ብቻ ጠጣ። አድማሱ ቅሉን ይዞ ከጎን ከጎን ይሄድ ነበር። ሳይጠጣ መቅረቱን ያያል፤ ዝም ይላል። እህ፣ ይሉኝታ! ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ግፉኝ» የሚል ሰው እንኳ ይሉኝታ ካለው ሰው ይሻላል፤ እሱስ ቢያንስ ይናገራል።

ያደሩት ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ፣ ከማሩ ዘመድ ቤት ነው። ጎህ ሲቀድ አድማሱ ወንድሙን ሊያየው ጋቢውን ገለጠ። ግራ ባቱ አብጧል። ጠፍሩ የነበረበት ቦታ ሰርጉዷል፤ ከእሱ በታች ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። እጁን ቢያኖርበት ይፋጃል።

«ያምሃል?»

«ይጠዘጥዘኛል። የጉዞ ነው» አለ ቢሻው።

አድማሱ ጋቢውን መለሰለት። ቃሉ፣ የካሴ ቃል፣ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ካመመው። ወጣና ማሩን ጠራው። «አያ ማሩ፣ እንመለስ።»

«ወዴት?»

«ደብረ ታቦር። ባቱ አብጧል። ካበጠ ተመለሱ ብለውኛል። ደሙ ረግቷል፤ ወደ ሳንባው ከሄደ ይሞታል።»

ሰዎቹም ተሰበሰቡ። «ስማ አድማሱ» አለ ማሩ በለዘብታ፣ «ቤት ጠላው ተጠምቋል፣ ሙክቱ ታስሯል። አመለወርቅ ከትናንት ጀምሮ ደጅ ደጁን ታያለች። የቀረን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወደ ኋላ ግን አንድ ቀን ሙሉ ነው። ጠፍር ስላጠበቀው እግር ብዬ የሰው ባል ሜዳ ለሜዳ ላንከራትት?» አለና ወደ ቤት ገባ። ከባለቤቲቱ ቅቤ ተቀበለ። ቢሻው አጠገብ ተንበረከከና ባቱን በሁለት እጁ ያዘው፤ ለደግነቱ ነው፣ እግዜር ያውቃል፣ ለደግነቱ ነው።

አድማሱ እጁን ያዘው። «አይታሽም!»

ሰባቱ ሰዎች፣ ባለቤቲቱ፣ ልጆቿ፣ ሁሉም አድማሱን አዩት። ማሩ አልተቆጣም፤ ቀና ብሎ ብቻ፣ «ምነው፣ እግሩ ቢሻለው የሚከፋህ ነገር አለ?» አለው።

ነገሩ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ለቅጽበት ያህል አጥብቆ ይዞ ቢቆይ፣ ቢጮህ፣ ቢሰድብ፣ ዱላ ቢያነሣ! አድማሱ በዚያች ሰዓት ያየው የወንድሙን ባት አይደለም፤ የሰዎቹን ዓይን ነው። ያች አሮጌ ስም በየፊታቸው ላይ ተጽፋ ታየችው። እጁን ለቀቀ። ማሩ ባቱን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ፣ ሽቅብ ሽቅብ፣ በደንብ አድርጎ አሸው። ቢሻው ጥርሱን ነከሰና «ተባረክ» አለው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል መካነ ኢየሱስን አልፈው የራሳቸውን ዳገት ጀመሩ። ከላይ የአቦ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይታያል። አንዱ ተሸካሚ «ደረስን አያ ቢሻው፣ እልልታው ሊሰማህ ነው!» አለ። አድማሱ እንኳ ልቡ ቀለል አለው፤ ምናልባት ካሴ አብዝቶ ነው፣ ምናልባት ተሳስቶ ነው ብሎ አሰበ። ዳገቱን ሲያጋምሱ ቢሻው ከቃሬዛው ላይ ቀና ሊል ሞከረ።

«አድማሱ!»

«አቤት!»

«ደረቴን... ወጋኝ። አየር አጣሁ።»

አወረዱት። አድማሱ ጠፍሩን በጥርሱ በጠሰው። የቢሻው ከንፈር እንደ ኑግ ጠቁሯል፤ አፉን ከፍቶ ይስባል፣ የሚገባለት ነገር የለም። የአድማሱን ኩታ ጨምድዶ ያዘ። ሳለና ደም ወጣው። ማሩ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» እያለ ይሯሯጣል። ውሃው ሲመጣ የቢሻው ዓይን ወደ ሰማይ እንደተከፈተ ቀርቷል። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው የማይጨርሱበት ጊዜ ነበር። እልል ሊል የወጣው ሰው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ዋይታውን ለቀቀው።

ቀብሩ ሲፈጸም አገሩ ሁሉ መጣ። ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንት ሳይቀር ወገን ጎረፈ። አልቃሿ መሀል ገብታ የቢሻውን ጀግንነት፣ የበሬዎቹን ስም፣ የእጁን ቸርነት ከደረደረች በኋላ ወደ አድማሱ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አፈር ሳይነካው፣ እግሩን ሳይደክመው፣
ወንድም በትከሻው አገር አስገባው።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አነባ። በዕድሜው አንድም ቀን በደግ ዓይን ያላዩት ሽማግሌዎች እየመጡ አድማሱን ሳሙት። «አምተንህ ነበር፣ ይቅር በለን» አሉት። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አሉት። ዘጠኝ ዓመት የፈለገውን ቃል፣ ሌሊት ተገላብጦ የተመኘውን ቃል፣ በአንድ ቀን አሸከሙት። አድማሱ ሊቋቋመው አልቻለም። ከመሀል ገብቶ ደረቱን ደቃ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት! ስሙኝ ወገኖቼ፣ ነግረውኝ ነበር! በእግሩ ይሂድ፣ አይታሽ፣ ተመለሱ ብለውኝ ነበር! እኔ ነኝ የገደልሁት!»

«አይ አንጀት!» አሉ ሴቶቹ። «ሐዘን እንዲህ ያናግራል።» «ለወንድም እንዲህ ነው የሚለቀሰው፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።» ማሩ እያለቀሰ መጣና አቀፈው፤ «ተው ወንድሜ፣ ተው፣ አንተ ምን አጠፋህ፣ እግዜር የጠራውን ማን ያስቀረዋል» አለው። አድማሱ በጮኸ ቁጥር ምስጋናው ባሰ። ደግመው ግጥሙን አወረዱት፤ የደረቱንም ድቂያ ለዜማው ምት አደረጉት። በመጨረሻ ድምፁ ተዘጋና ቁጭ አለ።

አንዲት ሴት ብቻ አላለቀሰችም። አመለወርቅ ነጠላዋን አሸርጣ ከዳር ቆማ ትሰማው ነበር። በሠልስቱ ዕለት፣ ሰዉ ገና በደጅ ሞልቶ ሳለ፣ መጣችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያ ያልኸው እውነት ነው?»

አድማሱ ቀና ሊልላት አልቻለም። «እውነት ነው እትዬ።»

«ይራመድ ብለው ነበር?»

«ብለው ነበር።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለእኔ።»

«መራመድ ይችል ነበር ወይ?»

አድማሱ የሐኪም ቤቱን በረንዳ አሰበ። «ደህና አድርጎ። ይሥቅም ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን?» አለችው፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

አመለወርቅ ፊቷን አዞረችና በደጅ የተቀመጠውን ሕዝብ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ወንድሟን ማሩን፣ ሁሉንም በተራ አየቻቸው። በአድማሱ በኩል የሚያይ ሁሉ ራሱን በአክብሮት ዝቅ ያደርግ ነበር።

«ሰውማ ይኸው እያመሰገነህ ነው» አለችውና ተነሥታ ሄደች።